ቀዩ ካርታ ወሎ ይደርሳል ወይ?

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍላችሁ። አባቴ ሙስሊም እናቴ ክርስቲያን ናቸው፣ ቤታችን የሁለቱም በዓል ይከበራል፣ እኛ ሰፈር ይሄ ብርቅ አይደለም። ሰሞኑን አጎቴ የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የአፍሪካ ካርታ ለቀቀ፣ ከሶማሊያ እስከ ማሊ ታች ደሞ ሞዛምቢክ ድረስ ቀይ በቀይ፣ «ጂሃዲስቶቹ ከበቡን» ብሎ ጽፎበታል። አባቴ ምንም ሳይል ከግሩፑ ወጣ። ለመሆኑ አንድ ድርጅት ናቸው እንዴ? እንዴትስ እንዲህ ተስፋፉ? እኛ ጋ ይመጣሉ? ታናሽ ወንድሜ ደሞ በሱዳን አድርጌ ሊቢያ እገባለሁ እያለ ነው፣ እሱም ያስጨንቀኛል።

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። መጀመሪያ አባትህን አናግራቸው፣ የካርታው ነገር በኋላ ይደርሳል።

አንድ ድርጅት አይደሉም። የሶማሊያው አልሸባብ እና ማሊ ያለው ጄኒም (JNIM) የሚባለው ቡድን ከአልቃይዳ ጋር ናቸው፣ ናይጄሪያ ከቦኮ ሃራም የተገነጠለው ቡድንና የሞዛምቢኮቹ ደሞ ከአይሲስ ጋር፣ እና ሁለቱ ወገኖች ማሊና ቡርኪና ፋሶ ውስጥ እርስ በርስ ይጋደላሉ። ካርታው ላይ ሁሉም አንድ ቀለም ነው፣ ጥቃት የደረሰበትም የያዙትም ቦታ እኩል ይቀላል።

እንዴት ተስፋፉ ላልከው ማሊን ልንገርህ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። 2011 ጋዳፊ ሲወድቅ እሱ ጋ የነበሩ የቱዋሬግ (የሰሃራ በረሃ ሕዝብ ናቸው) ተዋጊዎች መሣሪያቸውን ይዘው አገራቸው ማሊ ገቡ፣ 2012 ላይ የራሳችን አገር ብለው ሰሜን ማሊን ያዙ፣ ጂሃዲስቶቹ ደሞ ወዲያው ከእጃቸው ነጠቋቸው። ፈረንሳይ 2013 ገብታ ከከተማ አስወጣቻቸው፣ እነሱ ግን ወደ መሀል አገር ወረዱ፣ እዛ ፉላኒ የሚባለው ብሔረሰብ አርብቶ አደርና ገበሬው በግጦሽና በመሬት ሲጣላ የሚዳኝ መንግሥት የለም፣ የመጣ ወታደርም ፉላኒ የሆነውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያየው። 2019 ኦጎሳጉ የሚባል የፉላኒ መንደር በታጣቂዎች ተወርሮ ከ130 በላይ ሰው አለቀ፣ ከዚህ በኋላ «እኛ እንጠብቃችኋለን» ብሎ ለሚመጣ መልማይ ሥራው ምን ያህል እንደቀለለ አስበው። ናይጄሪያም የቦኮ ሃራም መስራች መሐመድ ዩሱፍ 2009 በፖሊስ እጅ እያለ ተገደለ፣ ቡድኑ ከዛ በኋላ ነው አውሬ የሆነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም 2017 ላይ ታጣቂ የነበሩ ሰዎችን ጠይቆ ነበር፣ 71 በመቶው ለመግባት የመጨረሻ ምክንያት የሆናቸው መንግሥት ያደረገው ነገር ነው፣ የቤተሰብ ወይ የጓደኛ መገደልና መታሰር ዓይነት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደሞ ሃይማኖታዊ ጽሑፎችን እምብዛም እንደማያውቁ ተናግረዋል። አጎትህ ይሄን ቢያነቡት ጥሩ ነው።

የእኛም እጅ አለበት፣ ባንወደውም። 2006 መጨረሻ ጦራችን ሞቃዲሾ ገብቶ ያኔ ከተማዋን ይዞ የነበረውን የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረትን በተነ፣ አልሸባብ ያኔ የኅብረቱ አንድ ክንፍ ነበር፣ ከዛ በኋላ ግን ወራሪን እንዋጋለን እያለ ገነነ። 2022 ሐምሌ ላይ በሶማሌ ክልል አፍዴር ዞን በኩል ሰብሮ ለመግባት ሞክሮ ተመቷል። ስለዚህ ድንበር ላይ አደጋው የምር ነው። ወሎ ግን ሌላ ነው፣ ካርታው ላይ ያለው ቀይ ቀለም በራሱ ተንቀሳቅሶ ደሴ አይገባም፣ እነሱ መግቢያ የሚያገኙት የከረመ ቂም ሲኖር ነው። ደሞ ወሎ ውስጥ ጀማ ንጉሥ መውሊድ ሊያከብር የሚሄደውን የእኛን ሰው ያው እነሱ ሙስሊም ብለውም አይቆጥሩት፣ 2012 ቲምቡክቱ የወሊዮችን (የቅዱሳን ሰዎችን) መቃብር በዶማ ያፈረሱ ሰዎች እኮ ናቸው፣ ሶማሊያም እንደዛው አድርገዋል። አብዛኛው የሚገድሉት ሰው ሙስሊም ነው።

እኔን ከሁሉም የከበደኝ የወንድምህ ነገር ነው። 2015 ሚያዝያ አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ገድሎ ቪዲዮ ለቀቀ፣ አብዛኞቹ ባሕር ሊሻገሩ የወጡ ስደተኞች ነበሩ። አይሲስ 2016 መጨረሻ ይዟት ከነበረችው የሊቢያ ከተማ ከሲርት ተባሯል፣ አሁን መንገዱን የያዙት ደላሎች ናቸው፣ ኩፍራና በኒ ወሊድ በሚባሉ የሊቢያ ከተሞች ላይ ስደተኛውን አግተው እየገረፉ ድምፁን በስልክ ለቤተሰብ እያሰሙ ብር ይጠይቃሉ፣ ሙስሊም ነህ ክርስቲያን ነህ አይሉም። ሱዳን ራሷ ከ2023 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። ሄዶ የተመለሰ የሰፈር ልጅ ፈልግና ከወንድምህ ጋር አስቀምጣቸው፣ አንተ ከምትመክረው ያ ልጅ የሚነግረው ይሻላል፣ ቶሎ ግን።