ርካሽ ስኮፕ ሲገዛ ከዋስትናውና ከስሙ የቱ ይቅደም?

ጥያቄህ «ዋጋቸው ከሚቀራረብ ሁለት ርካሽ ስኮፖች (የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽሮች) አንዱ ስሙ ብዙም አይታወቅም፣ ግን የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው፤ ሌላው ስሙ የገነነ ነው፣ ዋስትናው ግን 2 ዓመት ነው። የቱን ልውሰድ?» የሚል ነው። ከሁለቱም በፊት ሞዴሉ ዜሮውን፣ ማለትም ያነጣጠርክበትና ጥይቱ የሚመታበት ነጥብ የተገጣጠመበትን ማስተካከያ፣ ይይዛል ወይ የሚለውን አጣራ። ዋስትና ዕቃውን ይተካልሃል እንጂ የሳተውን ጥይት አይመልስልህም፤ ስኮፑ ተልኮ እስኪመለስም ጠመንጃው ያለ ስኮፕ ይቀመጣል።

«የዕድሜ ልክ» የሚለውን ብቻ አይተህ አትርካ። የማን ዕድሜ? የመጀመሪያው ገዢ ወይስ የዕቃው? የስኮፕ አምራቹ ቮርቴክስ ለምሳሌ ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ዋስትናው ዕቃውን ተከትሎ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ መጥፋትን፣ ስርቆትን፣ ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳትንና አሠራሩን የማይነካ ጭረትን ግን አይሸፍንም። ሌላው አምራች ሉፖልድም የመጀመሪያው ገዢ ሁን አትሁን አይልም፤ ኤሌክትሮኒክሱን ግን ለብቻው በተወሰነ ጊዜ ይገድበዋል። መብራት ያለው ስኮፕ የምትገዛ ከሆነ ይህችን መስመር ፈልገህ አንብባት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የጥገና ማዕከሉ የት እንደሆነ ነው። በብዙ አገሮች የጠመንጃ ስኮፕን ድንበር ማሻገር ፈቃድ ይጠይቃል። ተቀባዩ ባሕር ማዶ ከሆነና የመላኪያው ወጪ በአንተ ላይ ከወደቀ፣ የርካሽ ስኮፕ ዋስትና ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ስሙንም ቢሆን በጅምላ አትመነው። ብዙዎቹ ብራንዶች የራሳቸው ፋብሪካ የላቸውም፤ የአንዱ ብራንድ ርካሹና ውዱ መስመር በተለያየ አገር ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ «ብራንዱ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ይህ ሞዴል፣ በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ላይ፣ ከብዙ ተኩስ በኋላ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቅ። በሞላ ለሚሠራ የአየር ጠመንጃ ከሆነ ደግሞ አምራቹ ለዚያ እንደሚሆን በግልጽ ጽፎ እንደሆነ እይ። የሱ ርግጫ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሆነ፣ ትልቅ ጠመንጃ የቻለውን ስኮፕ ሊሰብር ይችላል።

ርካሽ ስኮፕ በብዛት የሚበላሸው ከውስጥ ነው። መስቀሉን (በስኮፑ ውስጥ የሚታየውን የማነጣጠሪያ ምልክት) የያዘው ውስጠኛ ቱቦ በሞላ ተገፍቶ የማስተካከያ ማዞሪያዎቹ ብሎን ጫፍ ላይ ያርፋል። ሞላው ደካማ ከሆነ ብሎኑ ወደ ኋላ ሲላቀቅ ቱቦው ወዲያው አይከተለውም፤ ያለበት ተጣብቆ ይቆይና ርግጫ ሲያናውጠው ይወርዳል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ክሊክ (ማዞሪያው «ጠቅ» እያለ የሚዞርበትን እርምጃ) ቀይረህ ስትተኩስ የመጀመሪያው ጥይት የድሮው ቦታ ላይ ይመታል፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ነው ወደ አዲሱ የሚሄደው። ይህን ካየህ አትታገል፣ ስኮፑን ለሻጩ መልሰው።

መመለሻው ቀን ሳያልፍ ይህን ሞክር። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጠህ በሞርሳ እሰረው። በ100 ሜትር ርቀት ረጅም ማስመሪያ ቀጥ አድርገህ አቁም፤ ርቀቱን በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ለካ፣ 3 ሜትር ከሳትክ የ3 በመቶውን ስህተት በስኮፑ ታሳብባለህ። ሚልና ኤምኦኤ ክሊክ የሚለካባቸው የማዕዘን መለኪያዎች ናቸው፤ በ0.1 ሚል ክሊክ 50 ብታዞር መስቀሉ 50 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት፤ በሩብ ኤምኦኤ 80 ክሊክ 58 ሴንቲሜትር ያህል ነው። መልሰህ ስታዞረው በትክክል መነሻው ላይ ካላረፈ ችግር አለ። አንዴ ዜሮ አድርገህ ማዞሪያውን የማትነካው ከሆነ የመጠን ስህተቱ ብዙም አያሳስብህም፤ አለመመለሱ ግን የሞላውን ድካም ያሳያል። ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ በሌንሱ ውጭ የሚታይ ጭጋግ ያለ ነው፤ ከውስጥ ከታየ ግን ማሸጊያው አልያዘም፣ ጭጋግ እንዳይፈጠር ውስጡ የተሞላው ጋዝም ወጥቷል ማለት ነው።

በነገራችን ላይ «ዜሮ አይይዝም» ተብሎ ከሚመለሰው ስኮፕ ጤነኛ የሆነም አለ፤ ጥፋቱ የማሰሪያው ይሆናል። ቱቦው 25.4 ሚሊሜትር ነው ወይስ 30? ቀለበቱ ከሱ ጋር ይገጥማል? የቀለበቱን ብሎኖች አምራቹ በሰጠው የማጥበቂያ ኃይል መጠን እሰር፤ ብዙ ጊዜ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። በእጅ ግምት የተጠበቀ ቀለበት ቱቦውን ያጎደጉዳል፣ ዋስትና ስትጠይቅም «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚባልበት ምልክት ይሆናል። ከዚያ የመሠረቱን ብሎኖችና ብረቱን ከሰደፉ ጋር የሚያያይዙትን እይ። ሁሉም ደህና ከሆነ ሌላ የሚታመን ስኮፕ አስረህ ተኩስ፤ ያኛውም ከበተነ ስኮፑን ተወውና ጥይቱን ወይም በርሜሉን መርምር።

እንግዲህ ለጥያቄህ፦ የማይታወቀው ብራንድ በአገርህ ውስጥ ተቀብሎ የሚተካ ወኪል ካለው እሱን ውሰድ። ከሌለው የ2 ዓመቱን ውሰድና በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግመህ ተኩስበት፤ የፋብሪካ ጉድለት ብዙ ጊዜ ቶሎ ይወጣል። የትኛውንም ስትገዛ ተከታታይ ቁጥሩን ፎቶ አንስተህ አምራቹ ዘንድ መኖሩን አረጋግጥ፣ አስመስሎ የተሠራን ዕቃ የትኛውም ዋስትና አይሸፍነውም።