የጉንቱር በርበሬና የዛላ መንጣት፤ ለወንበርማው አምራች የተሰጠ ምላሽ

በምዕራብ ጎጃም ወንበርማ ወረዳ በርበሬ የሚያለሙ አንድ አርሶ አደር የሚከተለውን ጥያቄ ልከውልናል። «በርበሬዬ በማሳ ላይ እያለ ያማረ ነው። ካደረቅሁት በኋላ ግን ብዙው ዛላ ይነጣል፤ አንዳንዱም ሲሰበር ውስጡ ሻግቶ ይገኛል። ነጋዴው ይህን እያየ ዋጋ ይሰብርብኛል። በህንድ አገር ጉንቱር የምትባል ከተማ በበርበሬ ስሟ እንደገነነ ሰምቻለሁ። ዘሩን ከዚያ ባስመጣ ችግሬ ይቃለልልኝ ይሆን?»

ዘሩን እንዳያስመጡ እመክርዎታለሁ። ጉንቱርን ያስከበራት ከለቀማ እስከ ጆንያ ባለው ጊዜ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው፤ እርስዎም ኪሳራ የሚደርስብዎ በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው።

ጉንቱር በደቡብ ህንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት የምትገኝ፣ ሕዝቧ ቴሉጉ ተናጋሪ የሆነ የእርሻ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ያለው መሬት አብዛኛው ጥቁር ዋልካ ሲሆን፣ ከፊሉ ከክሪሽና ወንዝ በተጠለፈ ቦይ ይጠጣል። በክረምቱ የተዘጋጀው ችግኝ ወደ ማሳ ተዛውሮ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሲለቀም፣ የመንደሮቹ ሜዳ በተሰጣ በርበሬ ይቀላል። ምርቱ የሚራገፍበት የከተማዋ የበርበሬ ገበያ በእስያ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። ጉንቱር ሳናም የሚባለው ዝርያ በአገሩ ሕግ የአካባቢ መለያ ስም ተመዝግቦለታል፤ ቴጃ የሚባለው ደግሞ በማቃጠሉ የታወቀ ነው። በአካባቢው ቤቶች አቫካያ የሚሉት ማንጎ በበርበሬ፣ በሰናፍጭና በዘይት ተለውሶ በማሰሮ ይከተታል፤ ጎንጉራ የሚሉትም እኛ ከአበባው ሻይ የምናፈላበት የከርከዴ ቅጠል በበርበሬ እየተሠራ ከሩዝ ጋር ይበላል። በርበሬ በዚያ አገር ገንዘብ ማግኛ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የሚቀመስ ቅርስ በመሆኑ፣ ገበሬው ስለ ቀለሙና ስለ ጣዕሙ የሚያደርገው ጥንቃቄ ከእናቶች ማድ ቤት የጀመረ ይመስለኛል።

ነገር ግን በርበሬ የጉንቱር ተወላጅ አይደለም። መነሻው የአሜሪካ ምድር ሲሆን፣ ወደ ህንድ የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርቱጋሎች በከፈቱት የባሕር ንግድ አማካይነት ነው። የከተማዋ ስም የተገነባው ገበሬዎቿ ለመሬታቸው የሚስማማውን ዘር ለዘመናት እየመረጡ በማቆየታቸውና፣ በአቅራቢያዋ ላም በሚባል ቦታ በሚገኘው የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ዝርያዎችን በማሻሻላቸው ነው።

ዘር ከማስመጣት እንዲቆጠቡ የምመክርበት ምክንያት ሁለት ነው። የበርበሬ አበባ ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም፣ ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ከሌላ ማሳ የአበባ ዱቄት ስለሚያመጡበት ባዕድ ዝርያ በአጠገቡ ከተዘራ ዘሩ ይቀላቀላል። እንደ ማረቆ ፋና ያለው የእኛ በርበሬ ሰፊ ዛላውና ደመቅ ያለ ቀለሙ በወጥ ሠሪዎች ዘንድ የሚፈለግበት መለያው ስለሆነ፣ ይህን ማደባለቅ ለእርስዎም ለጎረቤቶችዎም የማይመለስ ጉዳት ነው። በተጨማሪም የፍሬ አበስብስ በሽታ፣ የባክቴሪያ ነጠብጣብና አንዳንድ ቫይረሶች በዘር ይተላለፋሉ። ከ2021 ጀምሮ በአንድራ ፕራዴሽና በጎረቤቷ ቴላንጋና ግዛት የበርበሬ አበባን ያወደመው ትሪፕስ የተባለ ጥቃቅን ባዕድ ተባይ በደረቅ ዘር ባይዛመትም በችግኝ ይጓዛል። ስለዚህ ያለ ኳራንቲን (የተክል በሽታና ተባይ ቁጥጥር) ፈቃድ ዘርም ሆነ ችግኝ በሻንጣ ይዞ መግባት ለወረዳው ሁሉ አደጋ ነው።

አሁን ወደ ዛላዎ እንመለስ። የነጡትን ጥቂት ዛላዎች በብርሃን አገላብጠው ይመልከቱ። በነጣው ቦታ ላይ እንደ ብናኝ የተበተኑ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ካሉ መንስኤው የፍሬ አበስብስ በሽታ ስለሆነ፣ መፍትሔው ከጤናማ ተክል ዘር መያዝ፣ የታመመ ፍሬን ከማሳ አውጥቶ ማስወገድና በርበሬን በዚያው መሬት ላይ ደጋግሞ አለመዝራት ነው። ነጥብ ከሌለውና ወደ ሰማይ የዞረው ጎኑ ብቻ ከነጣ የቀትር ፀሐይ አጥቅቶታል። ነጣው ከቢጫ ጋር ተዥጎርጉሮ ከታየ ደግሞ ሳይቀላ ተለቅሟል ማለት ነው፤ ከፊሉ አረንጓዴ የሆነ ፍሬ በፀሐይ ላይ ቢቆይም ደህና ቀለም አይወጣለትም። ጉንቱር ላይ እንዲህ ያለውን የነጣ ፍሬ ታሉ ይሉታል፤ ለይተው በርካሽ ይሸጡታል እንጂ ከጥሩው ጋር አይቀላቅሉትም። እርስዎም ለይተው ቢሸጡት ነጋዴው ጆንያውን ሁሉ በነጣው ዋጋ እንዳይገምትብዎ ያደርጋል።

ለቀማው ፍሬው ሙሉ በሙሉ ቀልቶ፣ በግንዱ ላይ ጠውለግ ማለት ሲጀምር፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይሁን። የተለቀመውን ወዲያውኑ ፀሐይ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ አየር በሚገባበት ጥላ ሥር ለአንድ ቀን ያህል ቢያሳድሩት ቀለሙ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ በባዶ መሬት ላይ ፈጽሞ አያስጡት፤ አፈሩ እርጥበት ይመልስበታል፣ የሻጋታ ዘርም ያቀብለዋል። ንጹሕ ሸራ ወይም ሰሌን ይበቃል፤ አቅም ከፈቀደ ደግሞ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የሽቦ አልጋ ይሻላል፣ ምክንያቱም ንፋሱ ከሥርም ከላይም ያደርቀዋል። ውፍረቱ ከአራት ጣት እንዳይበልጥ አድርገው በቀን ደጋግመው ያገላብጡት፤ ፀሐዩ ሲበረታ በቀትር ሰዓት በስስ ጨርቅ ማጠል፣ ማታ ማታም ሰብስቦ መሸፈን ያስፈልጋል። በእናንተ አገር የጥቅምትና የኅዳር ጤዛ ከባድ ስለሆነ፣ ሳይሸፈን ያደረ በርበሬ ቀን የደረቀውን ሌሊት መልሶ ይጠጣል።

እርጥብ ዛላ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውኃ ሲሆን፣ ወደ 10 ወይም 11 በመቶ መውረድ አለበት። ዛላውን በጆሮዎ አጠገብ ቢነቀንቁት በውስጡ ያለው ዘር መንሿሿት ይኖርበታል፤ ይህ ግን ብቻውን አያስተማምንም። እንደ ማረቆ ፋና ያለ ሰፊ ዛላ ከቀጭኑ ሳናም ይልቅ ቆይቶ የሚደርቀው በቆቡ በኩል ነው። ስለዚህ ከተለያየ ቦታ ጥቂት አንስተው ቆቡ ሥር ሰንጥቀው ይዩ፤ የዘሩ ማቀፊያ ገና ለስላሳ ከሆነ ይመልሱት። የነገሩኝ የውስጥ ሻጋታ የሚነሣው ከዚያ ቦታ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ሻጋታው ቀለም ከማበላሸት ያለፈ ነገር አለው። አስፐርጊለስ የሚባለው ፈንገስ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በማብሰልም ሆነ በመቁላት አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የሚፈቅደው አጠቃላይ የአፍላቶክሲን መጠን በአንድ ኪሎ ግራም 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። የሻገተውን ፈጭተው ለቤትዎ እንዳያስቀሩ አደራ እላለሁ፤ ልጆችም ከዚያው ወጥ ይበላሉና።

በጆንያ ሲከተት እንዳይሰበር ወይም እንዲከብድ ተብሎ ውኃ መርጨት በጉንቱርም በእኛም ዘንድ የሚታይ ልማድ ሲሆን፣ በፀሐይ የተለፋበትን ሁሉ በአንድ ሌሊት ያጠፋል። ማለስለስ ከፈለጉ ማለዳ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ውኃ ሳይነካው ይክተቱት። ጆንያውን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው ይደርድሩ። የጉንቱር ነጋዴዎችና ገበሬዎች ዋጋ እስኪሻሻል ድረስ በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ቀዝቃዛ መጋዘኖች ያስቀምጡታል፤ ቀለሙም ለወራት ሳይደበዝዝ ይቆያል። ይህ ለአንድ አባወራ የማይቻል ስለሆነ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራችሁ ስብሰባ ሊያነሡት የሚገባ ጉዳይ ነው። ለዘንድሮው ግን ከመጀመሪያው ለቀማ ግማሹን በለመዱት መንገድ፣ ግማሹን በሸራ ላይ አድርቀው ሁለቱንም ጆንያ ለየብቻ ለነጋዴው ያሳዩና የሰጠዎትን ዋጋ ለቀበሌዎ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ያስመዝግቡ።