መልስ፦ «ስሰጥ ሰው እንዲያየኝ የምፈልግ ይመስለኛል፤ መስጠቴን ላቁም?»

አታቁም። የተራበው የሚጠግበው በምግቡ እንጂ በልብህ ንጽሕና አይደለም። መለወጥ ያለበት አሰጣጥህ ነው።

ማቴዎስ 6፥1 የሚከለክለው መታየትን ሳይሆን «ለመታየት ብሎ» ማድረግን ነው። 5፥16 ላይ «መልካሙን ሥራችሁን አይተው» ያለውም ያው ጌታ ነው፤ ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ማን ይከብራል የሚለው ነው። 6፥2 ላይ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» የተባለበት የግሪኩ ቃል በዚያ ዘመን ደረሰኝ ላይ «ተከፍሎኛል» ለማለት ይጻፍ ነበር። ጭብጨባውን ከተቀበልክ ሒሳቡ እዚያው ተዘጋ።

እንዲህ ሞክር፦

1. መጠኑን ቤትህ ሆነህ ወስን። 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 «በልቡ እንዳሰበ» ይላል። ሰው ፊት ቆመህ ከወሰንክ ብሩን የሚጨምረው ተመልካቹ ነው።

2. ለአንድ ወር ስም በሌለው ፖስታ ወይም በሌላ ሰው እጅ ላክ። ምስጋናው ለሌላ ሲሰጥ ውስጥህ ከተቆጣ በሽታው የት እንዳለ አወቅህ።

3. ፎቶ የለም። ተቀባዩ ፈቀደም አልፈቀደም (እጁ ባዶ የሆነ ሰው እንዴት እምቢ ይላል?)።

አንድ ጥንቃቄ፦ በስውር መስጠትም መመኪያ ይሆናል። ምስጢሩ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው «እንድትጸልዩለት ብዬ ነው እንጂ...» ተብሎ በሚጀመር ወሬ ነው። ሌላው ምልክት ተቀባዩ ሳያመሰግን ሲቀር «ያን ሁሉ አድርጌለት!» ማለት ነው። ያን ጊዜ ስጦታውን አትቀንስበት፤ በሚቀጥለው ወር ያንኑ ያህል ስጠው።