ቴስቶችን በታግ ለይቶ በሜቨን ማስኬድ፦ አንድም ቴስት ሳይሄድ ለሚያልፍ ቢልድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እንደገባኝ ቴስቶቻችሁን በጄዩኒት 5 (የጃቫ ኮድ መፈተሻ ላይብረሪ) «ፈጣን» እና «ዳታቤዝ» በሚሉ ታጎች፣ ማለትም መለያ ምልክቶች፣ ለይታችኋል። ከኢንቴሊጄ (ኮድ ከምትጽፉበት ፕሮግራም) ስታስኬዷቸው ይሠራሉ፤ በሜቨን (ፕሮጀክቱን በሚገነባው መሣሪያ) ሲሆን ግን የሄደው ቴስት ዜሮ ነው፣ ቢልዱም ያልፋል። ይህን ችግር በተለያዩ ፕሮጀክቶች ላይ ስላየሁት ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ የሹርፋየርን፣ ማለትም ሜቨን ውስጥ ቴስቶችን የሚያስኬደውን ፕለጊን፣ ስሪት እይ። ቢልዱ ሲሄድ የፕለጊኑ ስም ከነቁጥሩ ኮንሶሉ ላይ ይወጣል። ሹርፋየር ጄዩኒት 5ን በራሱ ማስኬድ የጀመረው ከ2.22.0 ወዲህ ነው። ፖም ፋይላችሁ (የሜቨን ማዋቀሪያ ፋይል) ላይ ቁጥር ካልተጻፈ ደግሞ የቆዩ የሜቨን 3 ስሪቶች 2.12.4ን ይወስዳሉ። እሱ የጄዩኒት 5 አኖቴሽኖችን (ኮዱ ላይ በ@ የሚጻፉ ምልክቶችን) ስለማያውቅ የሚያስኬደው ነገር አያገኝም። ኢንቴሊጄ የራሱን ማስጀመሪያ ስለሚጠቀም እዚያ ችግሩ አይታይም።

ስሪቱ ደህና ከሆነ ወደ ኢምፖርቶቹ ሂድ። «ቴስት» የሚለው አኖቴሽን ከጄዩኒት 4 ፓኬጅ፣ «ታግ» ደግሞ ከአዲሱ ከመጣ ታጉ አይቆጠርም። ኮምፓይለሩም ምንም አይልም።

እነዚህ ሁለቱ ችግሩን ሊፈቱልህ ይችላሉ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ቢልዱ ማለፉ ነው። በግሩፕ (ሹርፋየር ታግን የሚጠራበት ስም ነው) ማስኬድ ማጣራት ነው፣ ማጣሪያ ሲሳሳት ደግሞ ዝም ይላል። የታጉን ስም አንድ ፊደል ብትስት ማንም አይነግርህም። ስለዚህ ቴስት ባላቸው ሞጁሎች ላይ የሹርፋየርን «ፌል ኢፍ ኖ ቴስትስ» ትሩ አድርጉት፤ ያኔ ምንም ቴስት ካልሄደ ቢልዱ ይወድቃል። ታጉንም በየክላሱ በጽሑፍ ከመደጋገም አንድ የራሳችሁን አኖቴሽን ሠርታችሁ ታጉን እሱ ላይ ለጥፉት፣ ከዚያ በየቦታው እሱን ተጠቀሙ። ስሙ ሲሳሳት ኮዱ ኮምፓይል ስለማያደርግ ስህተቱ ወዲያው ይያዛል።

ስለ አከፋፈሉም አንድ ነገር ልበል። «ፈጣን» የሚለውን ታግ ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። ፍጥነት በየማሽኑ ይለያያል፣ ዛሬ ፈጣን የነበረውም ነገ ይዘገያል። ቴስቱ ምን እንደሚፈልግ ንገሩት፦ ዳታቤዝ፣ ኔትወርክ፣ የፋይል ሲስተም። በዕለት ተዕለቱ ቢልድ ደግሞ «ፈጣን የሆኑትን አስኪድ» ከማለት «ዳታቤዝ የሚፈልጉትን ተው» በሉ፤ ማለትም በ«ግሩፕስ» ፈንታ «ኤክስክሉድድ ግሩፕስ»። አንድ አዲስ የቡድን አባል ያለ ታግ ቴስት ቢጽፍ በመጀመሪያው መንገድ ቴስቱ የትም አይሄድም፣ በሁለተኛው ግን ይሄዳል። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም በሠራሁባቸው ቡድኖች ውስጥ ብዙ የተረሱ ቴስቶችን አድኗል።

ዳታቤዝ የሚፈልጉትን ቴስቶች ወደ ፌልሴፍ (ሌላው የሜቨን ቴስት ማስኬጃ) ፕለጊን ብታዛውሯቸው ደግሞ የተሻለ ነው። ፌልሴፍ ቴስት ቢወድቅም ወዲያው ቢልዱን አያቆምም፤ መጀመሪያ የተከፈተው ዳታቤዝ ወይም ሰርቨር እንዲዘጋ ዕድል ይሰጣል፣ ውጤቱን የሚፈትሸው በ«ቬሪፋይ» ደረጃ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ ፖሙ ላይ «ኢንተግሬሽን ቴስት» እና «ቬሪፋይ» የሚሉት ሁለቱም ጎሎች (የፕለጊኑ ተግባራት) መጻፍ አለባቸው። ሁለተኛው ከተረሳ የወደቀ ቴስት ይዞ ቢልዱ ያልፋል፣ ማለትም ተመልሳችሁ እዚያው ችግር ውስጥ ናችሁ። በዲፎልት የሚያነሳቸውም ስማቸው በ«አይቲ» የሚጀምር ወይም የሚያልቅ ክላሶችን ስለሆነ ስያሜያችሁን አስተካክሉ።

ሌላ፣ ግሩፑን በቀጥታ በፕለጊኑ ኮንፊገሬሽን ውስጥ ከጻፋችሁት በትዕዛዝ መስመር የምትሰጡት አይሽረውም። በፖሙ ፕሮፐርቲስ ውስጥ አስቀምጡትና ኮንፊገሬሽኑ ከዚያ ያንብበው።

ወደ ግሬድል (እንደ ሜቨን ያለ ሌላ የቢልድ መሣሪያ) ለመሄድ ካሰባችሁ «ኢንክሉድ ታግስ» እና «ኤክስክሉድ ታግስ» ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። ነገር ግን ኮዱ ካልተለወጠ ግሬድል ቴስቱን ድጋሚ አያስኬድም፤ በውጭ ያለ ዳታቤዝ መለወጡን አያይም። የቴስትኤንጂ (የሌላው የጃቫ ቴስት ላይብረሪ) ተጠቃሚዎች ደግሞ በግሩፕ ስታስኬዱ ግሩፕ ያልተሰጠው «ቢፎር ሜተድ»፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ቴስት በፊት የሚሄደው ማዘጋጃ፣ ይዘለላል፣ ቴስቱም በነል ፖይንተር ይወድቃል። «ኦልዌይስ ራን»ን ትሩ ማድረግ ይፈታዋል።

ስሪቱንና ኢምፖርቶቹን አይተህ አሁንም ዜሮ ከሆነ የፖሙን የፕለጊን ክፍልና የኮንሶሉን ውጤት ላክልን፣ አብረን እናየዋለን።