ለመታወቅ ለቸኮላችሁ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት በስፖርት መምህርነት ነው። ድሮ ተማሪዎቼ «እንዴት ልጠንክር?» ይሉኝ ነበር። አሁን የሚመጡብኝ «እንዴት ልታወቅ?» እያሉ ነው። አልፈርድባችሁም፤ ዘመኑ ነው። ግን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ስፔናዊው ጅምናስት ኸርቫሲዮ ዴፈር።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ኃይሌ ቴርጋትን ለጥቂት የቀደመባት ቀን፣ እኛ አገር ምን እንደነበር ወላጆቻችሁን ጠይቁ። በዚያው ቀን፣ እዚያው ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ፣ ይህ የ19 ዓመት የባርሴሎና አካባቢ ልጅ በጅምናስቲኩ የፈረስ ዝላይ ወርቅ ወሰደ፤ ፈረሱ እንስሳ እንዳይመስላችሁ፣ የሚዘለል መሣሪያ ነው። ያኔ ግን እሱን ማን አየ!

ዝላዩ ጥቂት ሰከንድ ነው። ከ25 ሜትር በማይበልጥ መንደርደሪያ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፣ መስፈንጠሪያዋን ይረግጣል፣ ፈረሱን በእጁ ገፍቶ አየር ላይ ይገለባበጣል፣ ያርፋል። ሲያርፍ እግሩ ትንሽ ፈቀቅ ካለች ነጥብ ይቆረጥበታል።

ከዚያ ዝናው መጣ፤ ጣጣውም አብሮት። ትከሻው ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ገባ። በምርመራ ካናቢስ ተገኝቶበት ታገደ። እሱ ሳያንስ መሣሪያው ራሱ ተቀየረ፤ የድሮው ፈረስ ቀርቶ ሰፊው ጠረጴዛ መጣ። እሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ በአዲሱም ወርቁን ደገመ። የዚያን ቀን ሮማኒያዊው ድራጉሌስኩ በመጀመሪያ ዝላዩ ከ10 ነጥብ 9.900 አምጥቶ ሁሉንም አስደምሞ ነበር። ሁለተኛውን አበላሸ። የሚያዘው ደግሞ የሁለቱ አማካይ ነው። ዴፈር ሁለቱንም በወጉ ሠራ። ከሲድኒው ይልቅ እኔ የምወደው ይህን ወርቅ ነው። በ2008 ቤጂንግ ላይ በወለል ጅምናስቲክ ብር ጨመረበት።

ሦስት የኦሎምፒክ ሜዳሊያ! ታዲያ ጅምናስቲክን ሰው በአራት ዓመት አንዴ ነው ትዝ የሚለው። ዴፈር በመጠጥ ሱስና በድብርት ምን ያህል እንደተንገላታ በ2022 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ራሱ ዘርግፎታል። ሌላው ቢሆን ለነፍስ አባቱም አይናገረው።

ባርሴሎና ጥግ ላይ ላ ሚና የሚባል ሰፈር አለ፤ ድህነትና አደንዛዥ ዕፅ ስሙን ያጎደፉት። ዴፈር ውድድር ካቆመ በኋላ እዚያ የጅምናስቲክ ክለብ ከፍቶ የሰፈሩን ልጆች ማሠልጠን ያዘ። እንደኔ እንደኔ፣ ሰውየውን ለማወቅ ከሜዳሊያው ይልቅ ይህ ይበልጣል።

ስለዚህ ተከታይ አታብዙ አልላችሁም። አብዙ። ግን ስማችሁ ትኩስ እያለ ሌላ ሙያም ጀምሩ፤ ስልክ ጥገናም ይሁን ሒሳብ አያያዝ። መጠጡ ወይም ጫቱ ከያዛችሁ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። በጉዳት ከሜዳ የወጣችሁም ቤት ተቀምጣችሁ የድሮ ቪዲዮ አትዩ። የቀድሞ አሠልጣኛችሁ ጋ ሄዳችሁ «ታዳጊዎቹን ላሟሙቃቸው?» በሉት። መጀመሪያ ላይ ክፍያ ላይኖረው ይችላል። ፊሽካ ግን አያጣም፤ ይሰጣችኋል።