በሬው፣ ቲማቲሙ፣ እሳቱ፦ ስለ ስፔን በዓላት ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄዎቻችሁ ስለተጠራቀሙ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በእኛ ነው።

«ጁላይ ላይ እረፍት አለኝ፤ ፓምፕሎና ሄጄ ከበሬ ጋር ልሩጥ?»

ተው ወንድሜ! የሳን ፌርሚን ሩጫ ከጁላይ 7 እስከ 14 በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። 850 ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ታዲያ ምን አለበት ትል ይሆናል፣ ግን መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ከፊትህ የወደቀው ሰው ደግሞ አንተንም ይዞህ ይወድቃል። ከ1910 ወዲህ 16 ሰው ሞቷል። ከወደቅህ አትነሣ፤ ጭንቅላትህን ሸፍነህ ተኛ። የጠጣ ሰው፣ ስልክ ይዞ የሚቀርጽ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ አይፈቀድለትም። ጠዋት አብረውህ የሮጡት በሬዎች በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ በበሬ ፍልሚያው ሜዳ ይገደላሉ። እኔን የሚከብደኝ ይሄኛው ነው።

«ቲማቲም መወራወሩ በነፃ ነው?»

ድሮ ነበር። ከ2013 ጀምሮ ትኬት ያስፈልጋል። ቡኞል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ በኦገስት የመጨረሻው ረቡዕ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ። ቲማቲሙን ሳትጨፈልቁ አትወርውሩ፣ ደንቡ ነው።

«የሴቪያን የሰሙነ ሕማማት ፎቶ አይቼ ደነገጥኩ። ሾጣጣ ቆብ ያጠለቁት እነማን ናቸው?»

ተመሳሳይ ቆብ የሚያጠልቁት የአሜሪካኖቹ ዘረኞች (ኩ ክለክስ ክላን) አይደሉም፤ ልማዱ ከእነሱ በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። የየአጥቢያው ማኅበርተኞች ናቸው፤ ፊታቸውን የሚሸፍኑት ንስሐ የገባው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነው። እኔ ግን ከቆቡ ይልቅ በሰልፉ ከሚያልፈው ምስል ሥር ያሉትን እዩ እላለሁ። ያንን ግዙፍ የቅዱሳን ምስል የሚሸከሙት ሰዎች መጋረጃው ውስጥ፣ በጨለማ፣ ክብደቱን በማጅራታቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። መንገዱን አያዩም። አለቃቸው ከውጭ ፊት ለፊት ያለውን ማንኳኪያ ብረት ሲያንኳኳ ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ!

«ማድሪድ ነው የምንኖረው። ልጄ ስጦታ የሚመጣው ጃንዋሪ 6 ነው ብሎ ሙጭጭ አለ።»

እውነቱን ነው፣ እህቴ። ስጦታ የሚያመጡት ሦስቱ ነገሥታት ናቸው፤ ልጆች በዋዜማው ጫማቸውን አውጥተው፣ ለግመሎቹም ውሃ አስቀምጠው ይተኛሉ። ችግሩ ያ ቀን ለእኛ የገና ጋድ መሆኑ ነው፤ ቀለበት የመሰለው ኬካቸው ደግሞ እንቁላልና ቅቤ አለበት። አንዱን ቁራሽ ለማግስቱ አቆዪለት። ውስጡ ባቄላ የደረሰው ሰው የኬኩን ሂሳብ ይከፍላል፣ አስጠንቅቂው!

«አንድ ብቻ ምረጥ ብትባልስ?»

የቫሌንሲያው ፋያስ፣ ያለ ጥርጥር። ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት፣ ፖለቲከኛውንም ታዋቂውንም የሚያላግጥ፣ ፎቅ የሚያክል ምስል ማርች 19 ሌሊት ይቃጠላል። በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ አነስ ያለ ምስል ብቻ ተርፎ ሙዚየም ይገባል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች በዙሪያው ያሉትን ቤቶች ግድግዳ በውሃ ሲያርሱ ታያላችሁ። ከማርች 1 ጀምሮ ደግሞ በየቀኑ 8 ሰዓት ላይ በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ርችት ይተኮሳል፤ ለዓይን ሳይሆን ለጆሮ ነው፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ያኔ አፋችሁን ከፈት አድርጉ፣ ሕፃን ከያዛችሁ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ።