የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቤትን ለመሬት መንቀጥቀጥ ማዘጋጀት

ጥያቄ፦ ውሃ፣ የእጅ ባትሪና መድኃኒት የያዘ የአደጋ ጊዜ ቦርሳ አዘጋጅቻለሁ። ምን ይቀረኛል?

መልስ፦ ቦርሳው የሚጠቅመው መንቀጥቀጡ ካቆመ በኋላ ነው። ሕንፃው ባይፈርስም ሰው በሚወድቅ ቁም ሳጥን፣ በቴሌቪዥንና በተሰበረ መስታወት ይጎዳል። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ድሪል (መብሻ ማሽን) አንስቶ ከባድ ዕቃን ከግድግዳ ጋር ማያያዝ ነው። ከመኝታ ክፍል ይጀምሩ። አልጋው ላይ ጋደም ብለው ዙሪያዎን ይቃኙ፤ ከራስጌ የተሰቀለ መስታወትም ሆነ ከባድ ፍሬም ካለ ያንሱት። ሲወድቅ በሩን ሊዘጋ የሚችለውን ዕቃ ቦታ ይቀይሩለት። ጠንካራ ሶል ያለው ጫማና የእጅ ባትሪ በፌስታል አድርገው ከአልጋው እግር ጋር ይሰሩ፤ በጨለማ ባዶ እግሩን የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው ስብርባሪ ነው። ማሰሩ የግድ ነው፤ ያልታሰረ ጫማ ተንሸራቶ ከዕቃ ሥር ይገባል።

ጥያቄ፦ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳ ጋር በብሎን አያያዝኩት፤ በእጄ ሳብ ሳደርገው ግን ተነቀለ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ሳብ አድርገው መሞከርዎ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ብሎኑ የገባው በቁም ሳጥኑ የጀርባ ኮምፔርሳቶ ላይ ሲሆን ነው። እሱ ቀጭን ስለሆነ ይቀደዳል፤ ብሎኑ መግባት ያለበት በላይኛው ወፍራም የእንጨት ፍሬም ውስጥ ነው። ሁለተኛው ከግድግዳው ይመጣል። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከሆነ ተራ ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) የሚይዘው ልስኑንና የብሎኬቱን ስስ ገጽ ብቻ ነው፤ ቤቱ ሲወዛወዝ ይህ ተሰባብሮ ይወጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ግድግዳ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ከኋላ የሚከፈት ማያዣ ይጠቀሙ።

ሲበሱ የድሪሉን መዶሻ (እየመታ የሚበሳበትን አሠራር) ያጥፉ፤ አለዚያ የብሎኬቱ ስስ ግድግዳ ከውስጥ ይረግፋል። ጠጣር ኮንክሪት ላይ ግን መዶሻው ያስፈልጋል። ለ10 ሚሊ ሜትር ፊሸር የ10 ሚሊ ሜትር መብሻ ይጠቀሙ፤ ዱቄቱንም እፍ ብለው ያውጡ፤ ዱቄት ከቀረ ፊሸሩ አይጨብጥም። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በላይና በታች ባለው መስመር አይብሱ፤ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ከቁም ሳጥኑ አናት በግራና በቀኝ ሁለት የኤል ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ይግጠሙ። ከባዱን ዕቃ ወደ ታችኛው መደርደሪያ ያውርዱ፤ ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ከብረቱ አያንስም።

ጥያቄ፦ ሲንቀጠቀጥ የበር መቃን ሥር ልቁም ወይስ ልሩጥ?

መልስ፦ መቃኑ በዛሬ ቤት ከሌላው ክፍል የተለየ ጥንካሬ የለውም፤ የሚወዛወዘው በርም ይመታል። በእጅና በጉልበትዎ ዝቅ ብለው ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፤ እግሩን አጥብቀው ይያዙ፤ ጠረጴዛው ከተንሸራተተ አብረው ይሂዱ። አልጋ ላይ ከሆኑ እዚያው በደረትዎ ተኝተው ራስዎንና አንገትዎን በትራስ ይሸፍኑ። ደረጃና ሊፍት አይሞክሩ። የሚለየው ከባድ ጣሪያ የተሸከመ የጭቃ ወይም የድንጋይ ቤት ነው፤ ምድር ቤት ሆነው በሩ በጥቂት እርምጃ ወደ ገላጣ ቦታ የሚያወጣ ከሆነ መውጣቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስንት ውሃ ላስቀምጥ? በረኪናስ እንዴት ይጨመራል?

መልስ፦ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር፣ ቢያንስ ለ3 ቀን። ለአራት ሰው 48 ሊትር ይመጣል፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን አይሁን። ወለል ላይ ያስቀምጡትና በየ6 ወሩ ይቀይሩት። ውሃው ካጠራጠረ ማፍላት ይቀድማል፤ ማፍላት ካልተቻለ ሽታና ሳሙና ያልተቀላቀለበት ከ5 እስከ 6 በመቶ በረኪና ለ1 ሊትር 2 ጠብታ ይጨምሩ፤ ለ20 ሊትር 2 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ በጨርቅ አጥልለው መጠኑን እጥፍ ያድርጉ። 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ዓመት ያለፈው በረኪና ኃይሉ ስለሚቀንስ አይመኑት።

ጥያቄ፦ የጋዝ ሲሊንደሩስ?

መልስ፦ ቆሞ እንዲቀር ከግድግዳ ጋር በሰንሰለት ይሰሩት። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ቫልቩን ወደ ቀኝ አዙረው ይዝጉ። ከሸተተዎት ክብሪት አይጫሩ፤ መብራትም አያብሩ፣ አያጥፉ፤ መስኮት ከፍተው ቤተሰቡን ይዘው ይውጡ። ቱቦውና መጋጠሚያው በሳሙና ውሃ ተፈትሾ አረፋ እንደማይሠራ ሳይረጋገጥ ምድጃው አይለኮስ።